የተዘጋ መዝገብ፦ የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብን ፈልጎ ስለ ማግኘት

በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች የሚሰጥ ውሳኔ በአብዛኛው የሚያበቃው «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» በሚል አጭር ትእዛዝ ነው። ይህ አነጋገር ለዳኛና ለጠበቃ የክርክሩን መጠናቀቅ ብቻ የሚያመለክት የሥራ ቃል ቢሆንም፣ ለብዙ ባለጉዳይ ግን ከዚያ ወዲያ የማይጠየቅና የማይታይ፣ በቁልፍ የተዘጋ ነገር ሆኖ ይሰማል። በዚህም ምክንያት ከ10 ዓመት በፊት የተፈረደለትን ሰው የፍርዱን ወረቀት አምጣ ሲሉት «መዝገቡ እኮ ተዘግቷል» ብሎ ተስፋ ሲቆርጥ ይታያል። የተዘጋው ግን ክርክሩ እንጂ መዝገቡ አይደለም፤ «ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» የሚለው ትእዛዝም ወረቀቱ እንዲጠበቅና ወደ ፊት ሲፈለግ እንዲገኝ የተሰጠ ትእዛዝ ነው።

በኢትዮጵያ ዳኝነት ከጥንት ጀምሮ የአደባባይ ሥራ ነበር። ባላጋራዎች በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በመንገድ ዳር ሲሟገቱ መንገደኛው ሳይቀር «በሕግ አምላክ» ተብሎ ቆሞ እንዲዳኝ ይጠየቅ ስለነበር፣ ተጠየቅ በሚባለው የጥያቄና መልስ ሥርዓት የሚካሄደውን ሙግት ከቦ የሚሰማው ሕዝብ ራሱ የፍርዱ ማኅደር ነበር ማለት ይቻላል፤ ድንበር የተፈረደለት ገበሬ ከብዙ ዘመን በኋላ ማስረጃ ሲጠየቅ የሚጠራው በዚያ ቀን በችሎቱ የነበሩትን ሽማግሌዎች ነው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የዳኝነት አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ ካዋቀረ፣ በ1939 ዓ.ም. የአጥቢያ ዳኞች አዋጅ ከወጣ፣ በተለይም በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ክሱም መልሱም የምስክሩም ቃል በጽሑፍ እንዲሰፍር ካደረገ ወዲህ፣ ይህ ትውስታ ከሕዝቡ ጆሮ ወጥቶ በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ቃል በቃል እውነት ነው፤ የአባት መሬት ለልጅ የሚተላለፈው በዚሁ ወረቀት ነውና። ነገር ግን ትውስታው ወደ መደርደሪያ ሲዛወር የሕዝቡ የማወቅ መብት አብሮ መቅረት የለበትም፤ መዝገብ በወረቀት ላይ የሰፈረ አደባባይ ነው።

መዝገብ ሲባል ፍርዱ ብቻ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። አንድ የፍትሐ ብሔር መዝገብ የከሳሹን የክስ ማመልከቻ፣ የተከሳሹን የመከላከያ መልስ፣ ሁለቱ ወገኖች ያቀረቧቸውን የሰነድ ማስረጃዎች፣ የምስክሮችን ቃል፣ የቀጠሮ ማስታወሻዎችንና ዳኛው በየጊዜው የሰጣቸውን ትእዛዞች አንድ ላይ የያዘ ነው። ከእነዚህ ውስጥ «ትእዛዝ» የሚባለው በክርክሩ ሂደት እንዲፈጸም የታዘዘው ነገር፣ ለምሳሌ አንድ ቤት እንዳይሸጥ የሚሰጠው እግድ፣ ሲሆን፣ «ብይን» ደግሞ ዋናው ጉዳይ ከመወሰኑ በፊት በተነሣ ጭብጥ ላይ የሚሰጥ ነው፤ «ፍርድ» ወይም በተለምዶ «ውሳኔ» የሚባለው የክርክሩን መጨረሻ ይገልጻል። ግልባጭ የሚጠይቅ ሰው ከእነዚህ የትኛውን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል፤ «የመዝገቡ ግልባጭ» እና «የውሳኔው ግልባጭ» በዋጋም በገጽ ብዛትም የተለያዩ ነገሮች ናቸውና።

መዝገቡ በየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚፈለግ ለማየት አንድ አካባቢ ለምሳሌ እንውሰድ። በደሴና በወልድያ መካከል ባለው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው ውርጌሳ በሀብሩ ወረዳ ውስጥ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ ነዋሪዋ ለመጀመሪያ ደረጃ ክርክር የሚሄደው የወረዳው መቀመጫ ወደሆነችው መርሳ ነው። ከመርሳ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ወልድያ የሰሜን ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት አለ፤ ይህም ከወረዳ ፍርድ ቤት ሥልጣን በላይ የሆኑ ጉዳዮችንና ከወረዳ የሚመጡ ይግባኞችን ያያል። የአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባሕር ዳር ነው። ስለዚህ በመርሳ የተጀመረ አንድ ጉዳይ ይግባኝ ከተባለበት ሁለት ወይም ሦስት መዝገብ ይኖረዋል ማለት ሲሆን፣ እያንዳንዱም የየራሱ ቁጥር አለው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም የወልድያውን የይግባኝ ቁጥር ይዞ መርሳ ላይ ሲፈልግ ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን ተጎራብቶ ብቻ ሳይሆን ተዋልዶ በሚኖርበት የወሎ ምድር ደግሞ የጋብቻና የውርስ ጉዳይ ሲፈለግ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ የትኛው ፍርድ ቤት አየው የሚለው ነው፤ በ1934ና በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ የታወቁት የቃዲ ፍርድ ቤቶች ዛሬም በሸሪዓ ፍርድ ቤትነት ስለሚሠሩ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) መሠረትም ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ከቀረቡ በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ላይ ስለሚዳኙ፣ የእነርሱ መዝገብ የሚጠየቀው ከእነርሱው ዘንድ ነው። ከ1967 ዓ.ም. በፊት ስለነበረ ሙግት የሚጠይቅ ሰው ደግሞ አካባቢው ያን ጊዜ የየጁ አውራጃ መሆኑን፣ የአውራጃውም ከተማ ወልድያ እንደነበረች ቢያስታውስ ፍለጋውን ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

በተቃራኒው፣ ፍርድ ቤት የማይገኝን ነገር ከፍርድ ቤት መፈለግ ድካም ነው። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የወሳኝ ኩነት ሥራ ነው፤ የገጠር መሬት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት፣ የከተማ ቤት ማኅደር በማዘጋጃ ቤት ይገኛል። ለሥራም ሆነ ለጉዞ የሚጠየቀው የወንጀል ነፃ ማረጋገጫ ደግሞ ከፖሊስ የሚወጣ ነው።

ለመዝገብ ፍለጋ ትልቁ ቁልፍ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ክስ ለሬጅስትራር፣ ማለትም ፋይል ለሚከፍተው፣ ለሚመዘግበውና ለሚጠብቀው የፍርድ ቤት ሹም፣ ሲቀርብ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ይህም ቁጥር ከተከራካሪዎቹ ስም ጋር በባሕረ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ቁጥሩ በእጁ ያለ ሰው ጉዳዩ በአጭር ጊዜ ይጠናቀቅለታል፤ ቁጥሩ የጠፋበት ሰው ግን ክሱ የተከፈተበትን ዓመተ ምሕረት፣ የከሳሽና የተከሳሽን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የክሱን ዓይነትና ከተቻለ የዳኛውን ስም ወይም ችሎቱን ይዞ መቅረብ አለበት፤ ባሕረ መዝገቡ በስምና በዓመት የሚፈተሸው በእነዚህ ነውና። እዚህ ላይ በሥራ የተፈተነ አንድ ችግር አለ። የአማርኛ ፊደል አንድ ድምፅ በብዙ መልክ ስለሚጻፍበት፣ የዐረብኛ ስሞችም በየጸሐፊው አሰማም ስለሚለያዩ፣ ሁሴን የተባለው ሰው በአንዱ ገጽ «ሁሴን» በሌላው «ሑሴን»፣ ሙሐመድም «መሐመድ»፣ «መሃመድ» ወይም «ሞሐመድ»፣ ሰይድም «ሠይድ» ወይም «ሰኢድ» ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። ፍለጋው በኮምፒዩተር በሚደረግበት ጊዜ ይህ ልዩነት የበለጠ ይጎዳል፤ መሣሪያው ሐመሩን «ሐ» እና ሃሌታውን «ሀ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ጸሐፊው «አልተገኘም» ብሎ የመለሰው መዝገብ በሌላ ፊደል ተጽፎ እዚያው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠያቂው ስሙ ሊጻፍባቸው የሚችሉትን መልኮች ሁሉ በወረቀት ጽፎ ቢያቀርብና ከራሱ ስም ባሻገር በባላጋራውም ስም እንዲፈለግለት ቢጠይቅ በከንቱ አይመለስም። ከሳሾች ብዙ በሆኑበት የውርስ መዝገብም በሽፋኑ ላይ የሚጻፈው በአብዛኛው የመጀመሪያው ሰው ስም ሆኖ ሌሎቹ «እነ» በሚለው ቃል ስለሚታለፉ፣ የታናሽ እህት ድርሻ የሚገኘው በታላቅ ወንድሟ ስም በተከፈተ መዝገብ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ የሚቀርበው ማመልከቻ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። በራስጌው ላይ ፍርድ ቤቱና ቦታው፣ ማለትም ለሀብሩ ወረዳ ፍርድ ቤት፣ መርሳ ተብሎ፣ ከዚያም የመዝገቡ ቁጥር፣ የተከራካሪዎቹ ስም፣ ውሳኔው የተሰጠበት ቀን፣ የሚፈለገው የውሳኔው ብቻ ወይም የመላው መዝገብ ግልባጭ መሆኑና የሚፈለግበት ምክንያት ከተጻፈ በቂ ነው፤ ጠያቂው መታወቂያውን፣ ወኪል ከሆነም የውክልናውን ሰነድ ያያይዛል። በፍርድ ቤት አጥር ግቢ ዙሪያ የሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ይህን ማመልከቻ በክፍያ ያዘጋጃሉ፤ መጻፍ የሚችል ሰው ግን በገዛ እጁ ጽፎ ቢያቀርብ የሚያግደው ሕግ የለም። ጠያቂው የመዝገቡ ተከራካሪ ከሆነ ጉዳዩ በአብዛኛው በሬጅስትራር ደረጃ ያልቃል፤ ተከራካሪ ካልሆነ ማመልከቻው ለዳኛ ወይም ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ቀርቦ «ይሰጠው» የሚል ትእዛዝ ይጠበቅበታል። የግልባጭ ክፍያው የሚፈጸመው በደረሰኝ ነው፤ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ የፍርድ ቤቱ ክፍያ አይደለም። ግልባጩ በእጅ ሲገባ ከበር ሳይወጡ ሊታይ የሚገባው ገጾቹ ሁሉ መሟላታቸው፣ የፍርድ ቤቱ ማኅተም ማረፉ፣ ትክክለኛ ግልባጭ መሆኑን የሚገልጸው ቃልና የሹሙ ፊርማ መኖሩ ነው፤ ማኅተም የሌለው ፎቶ ኮፒ ለማንበብ ይረዳል እንጂ በሌላ ፍርድ ቤት እንደ ማስረጃ አያገለግልም።

ሰው ለግልባጭ የሚቸኩለው ወይም የሚዘገየው ስለ ጊዜ ገደብ ባለው እውቀት ልክ ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 323 መሠረት የይግባኝ ማመልከቻ ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ ሲኖርበት፣ የፍርዱ ግልባጭም ከማመልከቻው ጋር ይያያዛል፤ ስለዚህ የተፈረደበት ሰው ቅሬታ ካለው ግልባጩን በዚያው ሳምንት ሊጠይቅ ይገባል። በወንጀል ጉዳይ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187 ጊዜውን በሌላ መንገድ ይቆጥራል፤ ይግባኝ የማለት ሐሳብ በ15 ቀን ውስጥ ይገለጻል፤ የይግባኙ ማመልከቻ ደግሞ ግልባጩ ከደረሰ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል፤ በዚህም የአንድ እስረኛ ዕድል በመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ትጋት ላይ ጭምር ይንጠለጠላል ማለት ነው። የተፈረደለትም ሰው ቢሆን ፍርዱን ኪሱ ከትቶ መቀመጥ የለበትም፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 384 መሠረት ፍርድን ለማስፈጸም የሚቀርብ ማመልከቻ በ10 ዓመት ይታገዳልና። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 5 ደግሞ በአንድ ጉዳይ ላይ አንዴ የመጨረሻ ፍርድ ከተሰጠ ያው ነገር በእነዚያው ሰዎች መካከል እንደገና እንዳይከሰስ ይከለክላል፤ ነገር ግን በአዲስ ክስ የተያዘ ሰው ይህን መከላከያ የሚያስረዳው የቀድሞውን ውሳኔ ግልባጭ አቅርቦ ነው። ድንበሩ በ1990ዎቹ የተፈረደለት ገበሬ ወረቀቱ ባለመኖሩ ብቻ ያንኑ ሙግት ዳግመኛ ሲጀምር ማየት እጅግ ያሳዝናል፤ መሬቱም፣ ምስክሩም፣ ባላጋራውም ያው ሆነው የጎደለው አንድ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው።

ተከራካሪ ያልሆነ ሰውስ መዝገብ ሊያይ ይችላልን? ይህ ከሁሉ የሚያከራክረው ጥያቄ ነው። ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 20 የተከሰሱ ሰዎች በግልጽ ችሎት የመሰማት መብት እንዳላቸው፣ ችሎት በዝግ ሊካሄድ የሚችለውም የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራልና የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ብቻ እንደሆነ ይገልጻል። አዋጅ ቁጥር 590/2000ም ማንም ሰው ከመንግሥት አካላት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ ለጥያቄውም በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጥ እንደሚገባ ደንግጓል፤ መጻፍ ለማይችል ሰው ደግሞ በቃል ያቀረበውን ጥያቄ ሹሙ በጽሑፍ እንዲያሰፍርለት ያዝዛል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ አሳማኝ የሆነው ግን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ የሚሠራው ሥራ ነው፤ የሰበር ሰሚ ችሎቱን ውሳኔዎች የአመልካቹንና የተጠሪውን ስም እንደያዙ በተከታታይ ቅጾች አሳትሞ ለሕዝብ ያቀርባል፤ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረትም በእነዚህ ውሳኔዎች የተሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ፣ የሀብሩን ወረዳ ፍርድ ቤት ጨምሮ፣ ያስገድዳል። የአገሪቱ ከፍተኛው ችሎት ውሳኔ በማንም እጅ ሊነበብ ከቻለ፣ በግልጽ ችሎት የተነበበ የወረዳ ፍርድ ለጎረቤት ምሥጢር የሚሆንበት ምክንያት የለም። በአሜሪካ ከወረዳ ጋር የሚቀራረበው አስተዳደር ካውንቲ ሲሆን፣ በአብዛኛው የካውንቲ ፍርድ ቤት ማንም ሰው ወደ መዝገብ ሹሙ መስኮት ቀርቦ ምክንያቱን ሳይናገር መዝገብ አይቶ ግልባጭ ይገዛል፤ የዚያች አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1978 በኒክሰንና በዋርነር ኮሙኒኬሽንስ ክርክር ላይ ይህን የማየትና የመገልበጥ መብት፣ ገደብ ያለው ቢሆንም፣ አረጋግጧል። በእኛ አገር አሠራር ግን ምክንያት መግለጽ ይጠቅማል፤ ቤት ሊገዛ ያሰበ ሰው በቤቱ ላይ ክርክር ወይም እግድ መኖሩን ለማወቅ፣ ወራሽ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 996 መሠረት ለሌላ ሰው የተሰጠን የወራሽነት ማስረጃ ለመቃወም፣ ወይም ሳይጠራ መብቱን የሚነካ ፍርድ የተሰጠበት ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 358 መሠረት መቃወሚያ ለማቅረብ መዝገቡን ማየት ግድ ይሆንበታል፤ ይህን በማመልከቻው ላይ በግልጽ ማስፈር ዳኛው እንዲፈቅድ ይረዳዋል።

ገደቡም እውነተኛ ገደብ ነው፤ ሊከበርም ይገባዋል። የወጣት አጥፊዎች ጉዳይ በዝግ ይታያል፤ የተደፈረች ልጅ የሰጠችው ቃል፣ የባልና የሚስት የጓዳ ጉዳይ፣ የሕክምና ማስረጃ ለተመልካች የሚቀርቡ አይደሉም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተሻለው መንገድ መዝገቡን በሙሉ መከልከል ሳይሆን የሚያስፈልገውን ክፍል፣ ለምሳሌ ፍቺው የተወሰነበትን የውሳኔ ገጽ፣ ለይቶ መስጠት ነው።

ጥያቄው ከተከለከለ ጠያቂው ክልከላው ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል፤ በቃል የተነገረ «አይቻልም» የትም አያስከስስም፤ የተጻፈ «አይቻልም» ግን ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት፣ ከዚያም ለበላይ ፍርድ ቤት ይዞ ለመቅረብ ያስችላል። የመረጃ ጥያቄ በአስተዳደር በኩል ሲታፈን የእንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላል፤ ይሁን እንጂ በፍርድ ቤት በመታየት ላይ ባለ ጉዳይ ውስጥ አይገባም። በሌላ ክርክር ላይ ያለ ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚያጥር መንገድ አለው፤ ችሎቱ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 145 መሠረት የቀድሞውን መዝገብ ከመዝገብ ቤት ወይም ከሌላ ፍርድ ቤት አስቀርቦ እንዲመለከትለት ማመልከት ይችላል።

ለሰሜን ወሎ ሰው ከዚህ የሚከብድ ጥያቄም አለ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና መርሳ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ተይዘው በቆዩባቸው ወራት በአካባቢው ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ሰነዶችም ጠፍተዋል። «መዝገቡ በጦርነቱ ጠፍቷል» የሚል መልስ የተሰጠው ሰው ግን ተስፋ ቆርጦ መመለስ የለበትም፤ አንድ ፍርድ ከአንድ በላይ ቦታ ላይ አሻራውን ይተዋልና። ይግባኝ ተብሎበት ከሆነ ግልባጩ በይግባኙ መዝገብ ውስጥ ተያይዟል፤ ተፈጽሞ ከሆነ ትእዛዙ ወደ መሬት አስተዳደሩ ወይም ወደ ማዘጋጃ ቤቱ በደብዳቤ ተልኳል፤ ባላጋራው ወይም ጠበቃው ማኅተም ያለበት ቅጂ በቤቱ ሊኖረው ይችላል፤ ዐቃቤ ሕግና ፖሊስም በወንጀል ጉዳይ የየራሳቸው ፋይል አላቸው። እነዚህን ሰብስቦ ለፍርድ ቤቱ በማቅረብ የጠፋው መዝገብ እንዲተካ ማመልከት ይቻላል። ምስክር በሕይወት ሳለና ወረቀት ሳይበሰብስ ይህን ማድረግ ለነገ የማይባል ሥራ ነው።

ከውርጌሳና ከአካባቢዋ ወደ ዐረብ አገር የሄዱት ልጆችም በዚህ ጉዳይ ባለጉዳዮች ናቸው። በሳዑዲ ዐረቢያ የምትኖር ሴት የፍቺዋን ወይም የውርሷን ውሳኔ ለማውጣት ከፈለገች፣ በሪያድ ካለው ኤምባሲ ወይም በጅዳ ካለው ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ውክልና ትሰጣለች፤ ሰነዱ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። በውክልናው ላይ «በፍርድ ቤት ይከራከርልኝ» ከሚለው በተጨማሪ «የመዝገብ ግልባጭ ያውጣልኝ» የሚል ሐረግ በግልጽ ቢጻፍ ወኪሉ መርሳ ደርሶ ባዶ እጁን ከመመለስ ይድናል።

በቤቱ የፍርድ ወረቀት ያለው ሰው ሁሉ የመዝገቡን ቁጥር፣ ፍርድ ቤቱንና የውሳኔውን ቀን ከመታወቂያው ወይም ከመሬት ደብተሩ ጋር በሚቀመጥ ሌላ ወረቀት ላይ ገልብጦ ሊያኖር፣ ለልጆቹም ሊያሳያቸው ይገባል። ቁጥሩ በአብዛኛው በውሳኔው የመጀመሪያ ገጽ ራስጌ ላይ፣ ከቀኑ አጠገብ ተጽፎ ይገኛል።